ከኬሞ በኋላ ዛንዚባር፦ የእረፍት ጉዞዬን እንዴት አቀድኩት

የጡት ካንሰር ሕክምናዬ ሲያልቅ ቤቴ በሰው ተሞላ። ቀዶ ጥገናው፣ ኬሞው፣ ጨረሩ አለቀ ሲባል ጠያቂው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ፍቅር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ጠያቂ ሲመጣ ተነስቶ መቀመጥ አለ፤ ቡና አለ፤ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ መድገም አለ። «ውይ፣ እንዴት ከስተሻል!» ለሚል ሰው «ደህና ነኝ» ማለት ራሱ ያደክማል። እኔን ያማረኝ ማንም የማያውቀኝ፣ ማንም «አይዞሽ» የማይለኝ ቦታ ነበር። ጉዞውን ያቀድኩት በዚህ ሐሳብ ነው።

እማዬ «ልጄ፣ ጸበል እያለ ባሕር ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ጸበሉም ሄድኩ። ከዚያ ትኬት መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የወሰንኩት ጊዜውን ነው። ጉዞው ከመጀመሪያው የክትትል ምርመራ በኋላ እንዲሆን አደረግኩ። ውጤት እየጠበቁ አሸዋ ላይ መጋደም ለእኔ እረፍት አይደለም። ሐኪሜም የደም ምርመራዬን ሳያይ «ሂጂ» ሊለኝ አልፈለገም።

አገር ሲመረጥ ግን ትልቁ ጉዳይ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማረጋገጫ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ዛንዚባር ያለችባትን ታንዛኒያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ከእኛ ለሚሄድ መንገደኛ ካርዱን ይጠይቃሉ። ክትባቱ ደግሞ የተዳከመ ቢሆንም ሕይወት ያለው ቫይረስ አለበት። ከኬሞ ገና የወጣ ሰው የመከላከል አቅሙ ስላላገገመ እንዲህ ያለ ክትባት አይሰጠውም። ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ወር ይጠበቃል፤ ከዚያም ቢሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እኔን ያዳነኝ ከዓመታት በፊት ለሥራ ስወጣ የተከተብኩበት ካርድ ነው። ድሮ ካርዱ የሚያገለግለው አሥር ዓመት ነበር። ከጁላይ 2016 ጀምሮ ግን በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አንዴ የተከተበ ሰው ካርድ ለዕድሜ ልክ ይሠራል። አብራኝ የሄደችው ታናሽ እህቴ አልተከተበችም ነበር። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከክትባቱ አሥር ቀን በኋላ ስለሆነ ቀድማ እንድትከተብ ነዘነዝኳት። ካርድ የሌለው ታካሚ ከሐኪም «መከተብ አይችልም» የሚል ማረጋገጫ ሊያጽፍ ይችላል። እኔ ብሆን ግን ደክሞኝ ኤርፖርት ላይ ከምከራከር ካርድ የማይጠይቅ አገር እመርጥ ነበር።

ዛንዚባርን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ክረምቱ ነው። ዋናው ዝናባቸው ከማርች እስከ ሜይ ነው። እኛ ጭቃ ውስጥ ስንሆን እዚያ ደረቅና ነፋሻማ ነው። ከቦሌ በቀጥታ ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ካንሰሩ እንዳይመለስ የምወስደው ታሞክሲፈን የሚባል መድኃኒት ደም የመርጋት አጋጣሚን ስለሚጨምር ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መብረር አልፈለግኩም። በዚህችው በረራም ቢሆን ውሃ እየጠጣሁ፣ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ነው የሄድኩት። መድኃኒቱን ከነማሸጊያውና ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ። ሻንጣ ይጠፋል።

ትኬት ስትቆርጡ ዊልቸር ጠይቁ። «በዚህ ዕድሜሽ?» የሚል አይጠፋም። ይበል። የሚገድለው በረራው ሳይሆን ሰልፉ ነው።

ኢንሹራንስ ሁለት ዓይነት ገዛሁ። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ሰው የራሷን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላውን ስገዛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ ከዚህ በፊት የነበረ ሕመም ይሸፍናል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበልኩ። በቃል «ችግር የለም» የሚለው አይሠራም።

በቀዶ ጥገናው ከብብቴ የሊምፍ ዕጢዎች (ንፍፊቶች) ስለወጡልኝ ያ እጄ እንዳያብጥ መጠንቀቅ አለብኝ። ከባድ ነገር አላነሳሁም፤ ሻንጣው የእህቴ ዕዳ ሆነ። የነፍሳት መከላከያ ቅባት አልተለየኝም፤ ዛንዚባር ወባ ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም። ሆቴሉ ያስተዋወቀውን የእንፋሎት መታጠቢያም ሙቀቱ እጄን እንዳያሳብጠው ብዬ ተውኩት። ጨረር ያረፈበት ቆዳዬን ሸፍኜ፣ ባሕር የምወርደው ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ነበር።

ስቶን ታውን፣ አሮጌው የዛንዚባር ከተማ፣ ጥቂት ብቻ ቆየን። ያምራል፤ ግን ጠባቦቹ መንገዶች መኪና አያስገቡም፣ የአሮጌዎቹ ቤቶች ደረጃም ቀጥ ያለ ነው። ክፍል ስትይዙ ምድር ቤት እንዲሰጧችሁ፣ ታክሲው የት ድረስ እንደሚደርስም ጠይቁ። ያላሰብኩት ጥቅም ደግሞ አገኘሁ። ሴቱ ሁሉ ራሱን ተሸፋፍኖ ስለሚሄድ ገና ያላደገው ፀጉሬ በሻሽ ተሸፍኖ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ያው ሻሽ ስንቱን ጥያቄ ያስነሳ ነበር!

ብዙውን ጊዜ ያሳለፍነው በምሥራቁ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ ነው። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል። የመንደሩ ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙት ያን ጊዜ ነው። እኔም ቁርጭምጭሚቴን በማያልፍ ውሃ ውስጥ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ፤ ሲደክመኝ እመለሳለሁ። በፈለጋችሁ ሰዓት መዋኘት ካማራችሁ ግን ወደ ሰሜን፣ ኬንድዋ ወይም ኑንግዊ ይሻላችኋል። እዚያ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም።

ከእህቴ ጋር ከመሄዳችን በፊት የተስማማንበት ነገር ነበር። በቀን አንድ ነገር ብቻ፤ «እንዴት ነሽ?» የሚለውም ጠዋት አንዴ ብቻ። እኔ ስተኛ እሷ ቁጭ ብላ እንዳትጠብቀኝ አስማልኳት። ቅመም እርሻውንም ጆዛኒ ጫካንም ብቻዋን አየች። ጆዛኒ ያሉት ጉሬዛዎች እንደኛዎቹ ጥቁርና ነጭ አይደሉም፤ ጀርባቸው ቀይ ነው። በስልኳ አሳየችኝና መልሼ ተኛሁ።