ሁለት ፋሲካ፣ ሁለት ጦርነት፦ የአያቴን የውትድርና ዘመን እንዴት ደረስኩበት

አያቴ ከውትድርና የተሰናበቱት አሥር አለቃ ሆነው ነው። ስለ ጄኔራሎች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አሥር አለቃ ግን የሚጽፍ የለም። የት የት እንደተዋጉ ለማወቅ ስነሣ በእጄ የነበሩት የጡረታ ደብተራቸው፣ አንድ ሜዳሊያና አጎቴ በደርግ ጊዜ ደሴ ቤታችን ቁጭ ብሎ የቀዳው ካሴት ብቻ ነበሩ።

ደብተሩ በ1936 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ መግባታቸውን ይናገራል። ከዚያ በፊት ያለውን አያውቅም። መንግሥት የሚመዘግበው ደመወዝ የከፈለበትን ዘመን ነው፤ ከአርበኛ ጋር የዘመተ የገበሬ ልጅ ደመወዝም መዝገብም አልነበረውም። ሜዳሊያው የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ መስመር አለው፤ በላዩ በአማርኛ «ኮርያ» ተጽፎበታል። ግን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ እየተፈራረቁ ወደ ኮሪያ ለዘመቱት የኢትዮጵያ ጦር የቃኘው ሻለቃዎች የተሰጠው ያው ስለሆነ፣ አያቴ በየትኛው ዙር እንደሄዱ ከሜዳሊያው ማወቅ አይቻልም።

ቤተሰቡ ደግሞ የራሱ ታሪክ ነበረው፦ «አባባ ማይጨው ዘምተዋል።» ይህ ከየት እንደመጣ አሁን ይገባኛል። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ በነበረበት ዘመን ኮሪያ ዘምቻለሁ ብሎ ሰው ፊት ማውራት አያስኬድም ነበር። ሴት አያቴ ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ደብቀውት ኖረዋል። ጎረቤት ሲጠይቅ የሚነገረው ማይጨው ነበር፤ በማይጨው የሚቀየም የለማ።

ካሴቱን ማጫወቻ ፈልጌ ደጋግሜ ሰማሁት። አጎቴ የሚጠይቀው «አባባ፣ የት የት ነው የተዋጉት?» እያለ ነው። እሳቸውም «ተራራ ላይ ነዋ» ይላሉ። ተራ ወታደር የውጊያውን ስም አያውቅም፤ ስሙን የሚያወጡለት ኋላ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። እሱ የሚያስታውሰው ምን እንደበላ፣ እግሩን ምን እንዳደረገው፣ በዓሉን የት እንደዋለ ነው። ተስፋ ልቆርጥ ስል ሁለት ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ገባ። አንዱ «ሐረጎ ላይ የዚያን ዓመት ጾም የፈታነው በዶሮ ጩኸት አይደለም፤ በመድፍ ነው» የሚል ነው። ሌላው «አንዴ ደግሞ ፋሲካን ውኃ ላይ ዋልኩ» ይላል። አጎቴ ይህን ሁለተኛውን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በታንኳ የሄዱበት መስሎት አልፎታል።

ሁለቱን ይዤ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ማስላት፣ ወደሚያስተምሩ መሪጌታ ሄድኩ። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ያለው ዳገት ነው። ጣሊያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 7 ቀን 1928፣ የለቀቀው ደግሞ በ1933 ነውና ሁለቱንም ዓመት ማስላት ነበረብን። የ1928 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ሆነ፤ ጣሊያን ደሴ ከመግባቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ማለት ነው። ግን ያን ጊዜ ሠራዊቱ መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ተሸንፎ ተበትኗል፤ ደሴም የተያዘችው ያለ ውጊያ ነው። ሐረጎ ላይ መድፍ የሚያስጮህ ነገር አልነበረም።

ወደ 1933 አለፍን። መሪጌታ ቃል በቃል እያስጻፉኝ ሠራነው፤ ወንበር፣ መጥቅዕና መባጃ ሐመር በየደረጃው የሚወጡ የስሌቱ ቁጥሮች ናቸው፤ ተውሳክ ደግሞ ለየዕለቱና ለየበዓሉ የተመደበ ተደማሪ ቁጥር ነው። ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲደመር 1933፣ 7433፤ ለ19 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 3። ያ በ19 ሲባዛ 57፤ 30 ሲገደፍ መጥቅዑ 27። ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 27 ሰኞ ነበር፤ የሰኞ ተውሳክ 6። ድምሩ 33፤ 30 ሲገደፍ መባጃ ሐመር 3። የፋሲካን ተውሳክ 9 ስንጨምርበት ሚያዝያ 12 ወጣ።

ከአዲስ አበባ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ሆኖ የኮምቦልቻን መተላለፊያ መግፋት የጀመረው ሚያዝያ 9 ቀን 1933 ነው፤ ደሴ የተለቀቀችው ሚያዝያ 18። ስቅለቱም ትንሣኤውም መድፍ መሐል ነው የዋለው። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ከአርበኞቹ ጋር የዘመተው ያ የገበሬ ልጅ የእኔ አያት ናቸው፤ ስማቸው የትም አልተጻፈም።

የ1943 ፋሲካ ሲሰላ ሚያዝያ 21 ሆነ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 8 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ኮሪያ ፑሳን ወደብ የደረሰው በወሩ መጨረሻ ነው። «ውኃ ላይ» ያሉት ሐይቅ ሳይሆን ባሕሩን ነው ማለት ነው። ለማጣራት ካሴቱን እንደገና ሳዳምጥ «አዛዣችን ተሾመ» የምትል ነገር አለች፤ የመጀመሪያውን ሻለቃ የመሩት ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ናቸው። በረዶው ጠመንጃውን ከእጃቸው ጋር ያጣብቀው እንደነበርም ያወራሉ፤ የ1944 ክረምታቸው ነው፤ የእነሱ ክረምት በእኛ ታኅሣሥና ጥር መሆኑን ልብ ይሏል።

እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው የምለው አለኝ። «የት ተዋጉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ፋሲካን፣ ዒድን፣ መስቀልን የት ዋሉ፣ ጫማው ምን ዓይነት ነበር፣ ማን ነበር አዛዡ በሉ። የሰማችሁትን ሳታሳምሩ ጻፉት፤ «ውኃ ላይ» ካሉ «ውኃ ላይ» ብላችሁ። ዘመኑን ከፈረንጅ ስትገለብጡ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8፣ ከመስከረም ወዲህ 7 ዓመት መቀነስ አትርሱ። ማዕረጉንም ከፍ አታድርጉት፤ ዘመድ ሁሉ ሻምበል ማድረግ ይወዳል።

አንድ ቦታ አለ፤ አጎቴ «ስንት ሰው ገደሉ?» ይላቸዋል። ረጅም ዝምታ ነው፤ የሲኒ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ስለ ጫማቸው ማውራት ይጀምራሉ። ያን ቦታ እንዳለ ተውኩት። ሊነግሩን ቢፈልጉ ይነግሩን ነበር።

የቀረኝ የሻምበላቸው ቁጥር ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻም ሆነ ከወሎ ቦረና ወገን አባቱ ወይም አያቱ በመጀመሪያው ቃኘው የዘመተ ካለ፣ በቤታችሁ ስለዚያ የመርከብ ፋሲካ የተነገረ ነገር እንዳለ ጠይቁልኝ። አሮጌ ካሴት ያላችሁም ክሩ ሳይበላሽ ወደ ስልክ ገልብጡት።