ሳሙና የማይደፍነው

ቅዳሜ ማታ

እጄ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይላል። በኦሞ ታጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ወይ ፍንክች። ባለቤቴ እራት ላይ «አንተ ዛሬ በማንኪያ ብላ» ብላኛለች።

ቮልስ ያለው ሰው ሽታዋን ይለምደዋል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍት ሽው ይልሃል፣ መስኮት ዝቅ ታደርጋለህ፣ «አሮጌ መኪና አይደለች?» ብለህ ትነዳለህ። ሰሞኑን ግን ሽታው ከኋላ መምጣት ጀመረ። ይሄ አላማረኝም። የቮልስ የነዳጅ ሳልባትዮ ከፊት ነው፣ ሞተሯ ከኋላ። ከፊት ሲሸትህ የክዳኑ ጎማ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ሲሸትህ ግን ቤንዚንና እሳት አንድ ክፍል ገብተዋል ማለት ነው።

ሰርቪስ የማደርግበት ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አየት አደረገና «የቤንዚን ቱቦዋ ነው፤ ለጊዜው ሳሙና እንለጥፍላትና ትሂድ» አለኝ። ምንም ሳልል ይዣት ወጣሁ።

ሳሙናን ንቄ አይደለም። የክፍለ ሀገር ሹፌሮች መንገድ ላይ ሳልባትዮ ሲበሳባቸው ደረቅ ሳሙና አሽተው ይደፍኑበታል፤ ይሠራልም። ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም። ግን የተበሳ ቆርቆሮ ሌላ፣ የሞተ የጎማ ቱቦ ሌላ። ጎማ ይታጠፋል፣ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚኑን በሚገፋው ፖምፓ ግፊት ይነፋል ይሟሽሻል። ሳሙናው እዚያ ላይ ስንት ቀን ይቆያል? ደግሞ «ለጊዜው» ብለን የተውነው ነገር ሁሉ እኛ ቤት ቋሚ ነው። የሽንት ቤቱ በር አሁንም በሽቦ ታስሯል።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ቱቦው አይደለም። «ቅዳሜ ጠዋት እንሥራው፤ እትዬ ግን ከሰል እንዳያያይዙ» አሉኝ። እትዬ የግቢው ባለቤት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከሰል አያያይዙ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል።

«ለመኪና ብዬ ቡና ልተው?»

«አይተዉም እትዬ፤ ትንሽ ይቆይልን ነው።»

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። የከሰል ምድጃችንስ የት ነው ያለው? መሬት ላይ። የእኛ አገር ብርድ ደግሞ ትነቱን አያቆመውም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ይህን ሁሉ ሳስረዳቸው እትዬ ዝም ብለው አዳመጡኝና ምድጃና ጀበናቸውን ይዘው ጎረቤት ግቢ ሄዱ። ቡናው እዚያ ተፈላ። እኛን የጠራን ግን የለም።

ቱቦውን አስቀድሜ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገዝቻለሁ። ስለሱም ትንሽ ልጻፍ። የመጀመሪያው ነጋዴ ነጭ፣ ውስጡ የሚያሳይ ፕላስቲክ አወጣልኝ። «ቤንዚኑ ሲሄድ ታየዋለህ» አለኝ፤ ማየት የምፈልግ ይመስል። ያ ፕላስቲክ ሙቀት ሲነካው ይደርቅና እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሁለተኛው ጥቁር ጎማ አለው፣ ግን 6 ሚሊ ሜትር ነው። የቮልስ 5 ነው። «አንዲት ሚሊ ምን ታደርጋለች፣ በማሰሪያ አጥብቀው» አለኝ። የሰፋ ቱቦ በማሰሪያ ሲታነቅ ይጨማደዳል፤ ቤንዚን ደግሞ የምትፈልገው መውጫ ያችኑ ጭምዳዷን ነው። የፈለግኩትን ያገኘሁት ጥግ ላይ ካለች ጠባብ ሱቅ ነው። ጎኑ ላይ ኤስኤኢ 30 አር 9 ይላል። ቤንዚን በከፍተኛ ግፊት ለሚረጭ የኢንጀክሽን መኪና የሚሆን ነው፤ እንደ ቮልስ ቤንዚኑን በካርቡራተር ከአየር ጋር ለሚቀላቅል መኪና ቢበዛ እንጂ አያንስም። ኢታኖልም ይችላል።

ኢታኖሉን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ መቀላቀል ጀመረ፣ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ገባ። ድሮ ለንጹሕ ቤንዚን የተሠራ ጎማ ኢታኖል አይስማማውም። ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ የሞተሩ ሙቀትና ዕድሜ ሲጨመርበት አስበው። የእኔ ቱቦ መቼ እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጠዋት ባትሪውን ነቀልን። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ግማሽ ቤቷን ማንሳት አለብህ። ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሯል። የዱቄት እሳት ማጥፊያውን ጋሼ ራሳቸው እግራቸው ሥር አቆሙት። የቮልስ የሞተር ገላ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው። ማግኒዚየም አንዴ ከተያያዘ ውሃ ብትደፋበት ይብስበታል፤ እሳቱን ገና ቤንዚኑ ላይ እያለ ካልያዝከው በኋላ መቆም ብቻ ነው።

«ሽታ አትከተል፣ እርጥብ ፈልግ» አሉኝ።

ከፖምፓው ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው ቱቦ ውጪው በክር የተሸመነ ነው። ሲያዩት ደህና ነው፣ አቧራ ብቻ። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ይዘው ጎበጥ አደረጉት። ክሩ ፈታ ሲል ሥሩ ያለው ጥቁር ጎማ ተሰነጣጥቆ ታየ። ከስንጥቁ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች፣ አበጠች፣ ተንከባልላ ወረደች። የወረደችው ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ነው። ለካንዴላዎቹ ኮረንቲ የሚያከፋፍለው፣ በየደቂቃው ስንት ሺህ ጊዜ ብልጭ የሚለው ላይ! ያን ጊዜ ያ የጋራዥ ልጅ ትዝ አለኝ፣ ደሜ ፈላ።

ጋሼ ግን እየሳቁ ነው። «መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው ቮልስ ነው። ያቺ እንዲህ ብታንጠባጥብ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።»

ሳልባትዮው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከፖምፓው በፊት ያለውን ቱቦ ስትነቅል ቤንዚኑ ሳትጠራው ይመጣል። ልክ የሚሆን ቡሎን አዘጋጅተን ወዲያው ወተፍነው። የፈሰሰችውን በጣሳ ተቀብለን፣ በጨርቅ አጥልለን መለስናት። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ጠብታም ንብረት ነች።

አሮጌውን ቱቦ በፒንሳ ለመንቀል ስታገል ጋሼ ተቆጡኝ። ቱቦው የሚገባበት የካርቡራተሩ የነሐስ አፍ በግፊት ብቻ የተሰካ ነው፤ ከወዘወዝከው ተከትሎህ ይመጣል። ስለዚህ ቱቦውን በምላጭ ርዝመቱን ይዘን ሰነጠቅነው፣ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፈተ። ብዙ ቮልስ ላይ የማየው ፊልተርም እኔ ጋር ነበረ፤ ፖምፓውና ካርቡራተሩ መሃል፣ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ። የራሱ ክብደት ያንን የነሐስ አፍ ቀን ከሌት ይጎትተዋል። እኔ ብጠየቅ ይህን ሥራ የሚሠራ መካኒክ ፈቃዱን ይነጠቅ እላለሁ። አንስተን ከፖምፓው በፊት፣ ከሞተሩ ክፍል ውጪ፣ ማርሹ አጠገብ አሰርነው።

አዲሱን በምላጭ ቀጥ አድርገን ቆረጥን፣ ሰካን፣ አሰርን። ማሰሪያውን እስከ ጥግ ማጥበቅ የለብህም፤ ጎማውን ይበላዋል።

ከዚያ ለካንዴላዎቹ ኮረንቲ የሚያመነጨውን የኮይሉን ቀጭን ገመድ አላቀን፣ ባትሪውን መለስን። ባለቤቴ ቁልፉን ያዘች። ብልጭታ ሳይኖር ሞተሩ ሲዞር ፖምፓው ቤንዚን ይገፋል፣ የሚያፈስ ካለ ሳይቀጣጠል ይታያል። በየመገናኛው ሶፍት ጠቅልዬ ጠበቅኩ። ሶፍቱ ደረቅ ወጣ። ገመዱን መልሰን አስነሳናት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ቆየን፣ እንደገና ሶፍት። ደረቅ።

እኔ እጄን ልታጠብ ስል ጋሼ የፊቱን ክዳን ከፍተው ከሳልባትዮው ሥር አጎንብሰዋል። ከዚያ የሚወጣው ቤንዚን በመኪናዋ ሆድ መሃል በብረት ቱቦ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው፤ ብረቱ በሁለቱም ጫፍ በጎማ ነው የተቀጠለው። የኋላውን ቀይረናል። የፊቱ ከአሮጌው ጋር እኩያ ነው፣ ክሩም ያው ክር ነው።

«ይሄስ ለማን ነው የቀረው?» አሉኝ።

የፊቱን ለመቀየር ሳልባትዮው ባዶ እስኪሆን መንዳት አለብኝ፣ ስለዚህ ሳምንቱን ነዳጅ አልሞላም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ጀምሮ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ሶማሌ ተራ ስለሚጋፋ፣ ያቺ ጠባብ ሱቅ ቱቦው ሳያልቅባት ሰኞ ከሥራ መልስ ሄጄ ልግዛ። ለእትዬም ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ። «ቅዳሜ የማርያም ማኅበር አለብኝ፤ ከፈለጋችሁ እናንተ መኪናችሁን ጎረቤት ግቢ ይዛችሁ ሂዱ» ብለዋል።