ሰሙ ቀለጠ፣ ፊቱ ግን አልወጣም

የጭቃውን ልባስ በመዶሻ ስሰብር መጀመሪያ ብቅ ያለው እግሩ ነበር። አሥሩም ጣቶች ይቆጠራሉ። ጉልበቱ ደህና፣ ወገቡ ደህና፣ ደረቱ ላይ የተገናኙት እጆች ከጠበቅኩት በላይ ደህና። ፊቱ ጋ ስደርስ ግን በደንብ የቦካ እንጀራ መሰለኝ፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ ዓይን በዓይን ሆኗል። ዓይን ሞልቶበት የራሱ ሁለት ዓይኖች ብቻ የጠፉበት ፊት! የስምንት ወር ልፋቴን እንዲህ ሆኖ ሳየው መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ንዴቱ ማታ ነው የደረሰው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በትርፍ ጊዜያቸው ሰም ለሚያቀልጡና ናስ ለሚያፈስሱ ነው፤ ምስሉን በሰም ሠርተን በጭቃ እንለብጠዋለን፣ ሰሙን አቅልጠን እናወጣና በቦታው ናስ እናፈስሳለን። የት ላይ እንደተሳሳትኩ እነግራችኋለሁ፤ ግን ስሕተቱ የመጣው አስመስዬ ልሠራው ከተነሣሁት ምስል አቀማመጥ ስለሆነ መጀመሪያ ስለዚያ ምስል ላውራ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤቴ ብዙ የማይርቅ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። እዚያ፣ በሰሃንና በመብራት ማቆሚያ መካከል፣ አንድ ስንዝር የምትሆን የናስ ምስል አገኘሁ። ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ እግሮቹን ወደ መሬት ያወረደ ሰው ነው። ሻጯ «ቡድሃ ነው፤ ከካትማንዱ የመጣ» አለችኝ። ሠላሳ አምስት ዶላር ከፈልኩ። እውነቱን ለመናገር ስለ ቡድሃ ገዶኝ አልነበረም። በዚያ ሰሞን የማታ የብረታ ብረት ማፍሰስ ትምህርት ጀምሬ ስለነበር ያማረ ናስ ባየሁ ቁጥር እጄ ኪሴ ይገባ ነበር።

ቡድሃ ሲባል እኔ የማውቀው በቻይና ምግብ ቤት ገንዘብ መቀበያ ላይ የሚቀመጠውን ቦርጫም ሳቂታ ነው። የእኔው ግን ቀጭን፣ ዘውድ የደፋ፣ ረጋ ያለ ነው። ሁለቱን ምን እንደሚያገናኛቸው የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ቦርጫሙ ቡዳይ ይባላል፤ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በቻይና ከረጢት ተሸክሞ ይዞር እንደነበር የሚነገርለት መነኩሴ ነው። ማይትሬያ፣ ማለትም ገና የሚመጣው ቡድሃ፣ በእርሱ አምሳል ተገልጦ ነበር ብለው ብዙ ቡድሂስቶች ያምናሉ። የእኔም ቀጭን ማይትሬያ ሆኖ ተገኘ።

ያወቅኩት በምልክቶቹ ነው። የቡድሃ ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ እግራቸውን አጣጥፈው ነው የሚቀመጡት። እግሩን አውርዶ እንደ ሹም የሚቀመጠው በብዛት ማይትሬያ ነው። ይሁን እንጂ ሻክያሙኒ፣ ማለትም በታሪክ የኖረው ቡድሃ፣ ራሱም አልፎ አልፎ እንዲህ ይቀመጣልና በእግር ብቻ አትፍረዱ፤ እኔ አንድ ወር ሙሉ ፈርጄ ተሳስቼ ነበር፣ በሌላ ምስል። ስለዚህ ዘውዱን በማጉሊያ መነጽር አየሁት። ከፊት ለፊቱ የምስር ፍሬ የምታክል ጉልላት አለች። ስቱፓ ናት፤ ቡድሂስቶች ቅዱስ አጽም የሚያኖሩባት ሕንፃ። በትከሻው በኩል ከወጣው አበባ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ የውኃ ኮዳ ተቀምጣለች። ስቱፓዋና ኮዳዋ አንድ ላይ ከተገኙ ክርክር የለም።

በእምነቱ መሠረት ሻክያሙኒ ያስተማረው ትምህርት አንድ ቀን ከሰው ልብ ፈጽሞ ይጠፋል። ያን ጊዜ፣ አሁን ቱሺታ በተባለው ሰማይ የሚቆየው ማይትሬያ ወርዶ ይወለዳል። ስሙ በሳንስክሪት ወዳጅነትና ቸርነት ከሚል ቃል የወጣ ነው። በፓሊ፣ በጥንታዊው የቡድሂስት መጻሕፍት ቋንቋ፣ ሜቴያ፣ በቲቤት ጃምፓ፣ በሞንጎሊያ ማይዳር፣ በጃፓን ሚሮኩ ይሉታል።

በፓሊ የቆየ አንድ ጥንታዊ ስብከት አለ፤ ትርጉሙን ካነበብኩት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰው ክፋት በበዛ ቁጥር ዕድሜው እያጠረ ሄዶ አሥር ዓመት ላይ ይደርሳል። ልጃገረዶች በአምስት ዓመታቸው ይዳራሉ። ከዚያ ሰው ሰውን እንደ አውሬ እያየ በሰይፍ የሚተላለቅበት ሰባት ቀን ይመጣል። ጥቂቶች ጫካና ዋሻ ገብተው ይሸሸጋሉ። ሰባቱ ቀን ሲያልፍ ይወጡና ይተቃቀፋሉ፤ በሕይወት ስለተገናኙ ደስ ይላቸዋል። መግደል እንተው ይባባላሉ። የልጆቻቸው ዕድሜ ሃያ ይሆናል፤ የልጅ ልጆቻቸው አርባ፤ እንዲህ እያለ 80,000 ዓመት ይደርሳል። ማይትሬያ የሚወለደው ያን ጊዜ ነው፣ በኬቱማቲ ከተማ፣ በንጉሥ ሳንክሃ ዘመን። እኔ የጠበቅኩት በእልቂቱ መሃል ደርሶ የሚያድን ነበር። የለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ከዋሻ ወጥተው፣ ታርመው፣ አገር ሰላም ከሆነ በኋላ ነው የሚመጣው። እግሩን ማውረዱንም ብዙዎች ለመነሣት መዘጋጀቱን ያሳያል ብለው ይፈቱታል። ይህን ካነበብኩ በኋላ እነዚያን እግሮች እንደ ተራ እግር ማየት አልቻልኩም። መዘዙ ኋላ ይመጣል።

ጥር ላይ በአውቶቡስ ኒው ዮርክ ሄድኩና ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አንድ ቀን ሙሉ በእርሳስ ስስል ዋልኩ። እዚያ እ.ኤ.አ. 486 የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ 140 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የቻይና ማይትሬያ ቆሟል፤ ወርቅ የተቀባ ነሐስ ነው፣ ልብሱ ውኃ የነካው ይመስል ገላው ላይ ተጣብቋል። ግን ረጅሙን ሰዓት የፈጀሁት ከእርሱ ጋር አይደለም። ሌላ፣ ቁመቱ ግማሽ የሚሆን፣ እ.ኤ.አ. የ524 ሥራ አለ። ማይትሬያ መካከል ቆሞ፣ ዙሪያውን እንደ እሳት ነበልባል የተበሳሳ ናስ መሳይ ነሐስ ከብቦት፣ በነበልባሉ ጠርዝ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ የያዙ ትንንሽ በራሪዎች። ጽሑፉ እንደሚለው ያሠራው አንድ አባት ነው፣ ለሞተ ልጁ መታሰቢያ። ከበራሪዎቹ የአንዷ ጣት ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም። እዚያ ቆሜ የእኔን ጣቶች ማሰብ ጀመርኩ።

ወደ ቤት ስመለስ የራሴን ምስል ገልብጬ መረመርኩ። ውስጡ ክፍት ነው፤ ጣቴን ስከትት ጥቁር የተቃጠለ ጭቃ ይዞ ወጣ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ሰሙ የተለበጠበት የጭቃ እምብርት ቅሪት ነው፤ በሰም የተሠራ መሆኑን ይናገራል። በሂማላያ አገሮች እንዲህ ያለው ክፍት ሆድ የሚሠራው ናስ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። በጸሎት የተጻፉ ጥቅልል ወረቀቶች፣ እህል፣ አንዳንዴም ቅዱስ አጽም ይገባበትና ከታች በመዳብ ሉህ ይታሸጋል። ሉሁ እንዳይወድቅ የመቀመጫውን ጠርዝ በመሮ እየገፉ ጥርስ ያወጡለታል። የእኔን ጠርዝ በማጉሊያ ዞርኩት። አንድም የመሮ ጥርስ የለም፤ ልስልስ ያለ ነው። ታሽጎ አያውቅም፤ ስለዚህም ካህን ባርኮት አያውቅም። ለመንገደኛ የተሠራ ዕቃ ነው። እፎይ አልኩ። ከኔፓል ቤተ መቅደሶች ስንት ምስል እንደተሰረቀ ሳነብ ከርሜ ነበር፤ ከፓታን እ.ኤ.አ. በ1984 የጠፋው የላክሽሚ ናራያና ድንጋይ ከአሜሪካ ሙዚየም ወጥቶ አገሩ የገባው በ2021 ነው። የመቅደላን ነገር እያወቅኩ የሌላውን ሰው ታቦት መሳይ መደርደሪያዬ ላይ ማስቀመጥ አልፈልግም።

ስለ ናሱ ጥቂት። ናስ መዳብና ዚንክ ነው። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ዚንክ ግን በ907 ይፈላና ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች ሁለቱን እንዲሁ አልደባለቁም። የዚንክ ማዕድን፣ የመዳብ ቁርጥራጭና ከሰል በተዘጋ ሸክላ ውስጥ አብረው ያግላሉ፤ የዚንኩ ተን መዳቡ ውስጥ ይሰርጋል። የካሽሚር ሠራተኞች ከሰባተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚህ ናስ ተአምር ሠርተዋል፤ ዓይኑን በብር፣ ከንፈሩን በመዳብ ይከትቡታል። የኔፓሏ ፓታን ነባር ሕዝብ የሆኑት ኔዋሮች ግን ለወርቅ ቅብ የሚመቸውን መዳብ ይመርጣሉ። በቲቤት፣ ሺጋጼ፣ ታሺሉንፖ ገዳም ውስጥ ያለው እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራው ማይትሬያ ደግሞ 26 ሜትር ስለሚያህል ማፍሰስ የማይታሰብ ነው፤ የመዳብ ሉህ እየቀጠቀጡ ገጣጥመውታል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። አጎቴ አዲስ አበባ መስቀል ሲሠሩ ያረጁ አንጥረኛ ናቸው። ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ ተምረናል፤ ቅኔውን ስንፈታ አድገን ሰሙ ከጭቃው ውስጥ ሲፈስስ ያየን ግን ስንቶቻችን ነን? እኔ በልጅነቴ እርሳቸው ቤት አይቻለሁ፣ ሳላስተውል። ይህን ሥራ ስጀምር በስልክ የሰም ቅርጹን አሳየኋቸው።

«ጣዖት ነው እንዴ የምትሠራው?» አሉ።

«ለመማር ነው፣ ጋሼ። አልሰግድለትም።»

ትንሽ ዝም ብለው «በል እግሮቹን ቀረብ አድርገህ አሳየኝ» አሉኝ። ስለ ጣዖት ከዚያ ወዲህ አላነሡም።

ሰሙ የንብ ሰም ነው፣ ጥቂት የዛፍ ሙጫ የገባበት፤ ሙጫ ከሌለው የጣት ሙቀት ብቻ ያጎብጠዋል። ከነመፍሰሻ ዘንጎቹ 140 ግራም መዘነ። ናስ ከሰም ዘጠኝ ጊዜ ገደማ ስለሚከብድ 1,260 ግራም ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለመጠባበቂያ አንድ ኪሎ ተኩል አቀለጥኩ። የመጀመሪያው ልባስ የተነፋ ሸክላ አፈርና እበት ነው፤ እንደ ቀጭን ሊጥ በብሩሽ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ ይደገማል። እኔ አምስት ጊዜ ቀባሁ። እበቱን ከአንድ ገበሬ ለምኜ በመኪናዬ ሳመጣ የተከፈለው ዋጋ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለውጩ ወፍራም ልባስ አጎቴ የጤፍ ጭድ ነበር ያዘዙልኝ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ጭድ ሳጣ የቤት ቢራ ጠማቂዎች ከሚገዙበት መደብር የሩዝ ገለባ አገኘሁ። ኔፓሎችም የሚጠቀሙት የሩዝ ገለባ ስለሆነ በአጋጣሚ ወደ እውነተኛው መንገድ ገባሁ።

ናሱ ሲፈስስ ነጭ ጢስ ይነሣል፤ የዚንኩ ነው። ማቅለጫው ጠርዝ ላይ እንደ ባዘቶ ይጋገራል፣ በአየር ላይም እንደ ጥጥ ይንሳፈፋል። ያምራል፤ ግን አትተንፍሱት። ያለ ጭምብል የቆመ አንድ የክፍል ጓደኛችን ሌሊቱን እንደ ወባ ሲያንቀጠቅጠው አድሯል። ናሱን ከሚገባው በላይ ባጋላችሁት መጠን የዚንኩ ጢስ ይበዛል፣ ናሱም ይቀንሳል።

ውጤቱን በመግቢያዬ አይታችኋል። ፎቶውን ለአጎቴ ላክሁ።

«እንደተቀመጠ ነው የቀዳኸው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ጣቶቹ እንዳይጎድሉ ሰግቼ እግሩን ወደ ታች አደረግኩ።»

«ናሱ ሲገባ አየሩ በየት እንዲወጣልህ ነው? ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ላይ ያስቀመጥኸው ደግሞ ፊቱን ነው።»

ይኸው ነው ነገሩ። ለእግሮቹ አድልቼ ፊቱን ለአረፋው ሰጠሁት። የምስል አፍሳሾች ቅርጹን ዘቅዝቀው፣ ራሱን ወደ ታች፣ ናሱን ከመቀመጫው በኩል የሚቀዱት ለዚህ ነው፤ ንጹሑ ብረት ፊቱን ይሞላል፣ አረፋው ማንም ወደማያየው መቀመጫ ይወጣል። ይህን ከማፍሰሴ በፊት አንብቤው ነበር። እግር አውርዶ የተቀመጠ ሰው መዘቅዘቅ ግን አላስቻለኝም።

ሁለተኛውን ሙከራ ባለፈው ቅዳሜ ዘቀዘቅኩት። ከእያንዳንዱ ተረከዝና ከአውራ ጣቶቹ የክር ያህል የቀጠነ የሰም ዘንግ አወጣሁ፣ አየሩ መውጫ እንዲያገኝ። ጭቃውን ስሰብር በዚህ ጊዜ ከራሱ ጀመርኩ። ስቱፓዋ አለች። አፍንጫው አለ። ቅንድቡ እንደሳልኩት ቀጭን ሆኖ ወጥቷል። የዓይን ብሌኑን በመሮ አልቀረጽኩም፤ በአገሩ ዓይን መክፈት የቡራኬው መጨረሻ ነው፣ የእኔ ሥራ አይደለም። ሆዱንም ባዶውን ተውኩት።

ፎቶውን ላክሁላቸው። አጎቴ ስልኩን እያቀረቡና እያራቁ ብዙ አዩት።

«ፊቱ ሰው ሆኗል» አሉ በመጨረሻ። «የግራ እግሩን ጣቶች ግን አልቆጠርህም መሰለኝ።»