አዘዞ፣ የሐምሌ ከሰዓት

በሐምሌ መጨረሻ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ የቆረጥሁት የከሰዓቱን በረራ ነበር፤ ስህተቴ የጀመረውም እዚያ ላይ ነው። በክረምት ሰማዩ ረፋዱን ጠራ ብሎ ይቆይና፣ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥብ አየር የተራሮቹን ጥግ ይዞ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነጎድጓድ መስማት የተለመደ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ በጣና በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል። ፍተሻውን አልፈን ስንጠብቅ የምንሳፈርበት አውሮፕላን ድምፅ ከደመናው በላይ ተሰማ፤ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር እየራቀ ጠፋ። «አናታችን ላይ ደርሶ ይመለሳል?» ብዬ በቁጣ ተነሣሁ።

ጋቢ ደርበው አጠገቤ የተቀመጡ፣ በአየር ትንበያ ሥራ ጡረታ የወጡ አባት «ልጄ፣ አብራሪው ዝናቡን የፈራ መሰለህ?» አሉና በመስኮቱ በኩል ከማኮብኮቢያው ዳር የተሰቀለውን የንፋስ ማሳያ ጨርቅ አሳዩኝ። ወደ ሰሜን ተወጥሮ የነበረው ጨርቅ ባንድ አፍታ ተልፈሰፈሰና ዞሮ ወደ ደቡብ ተወጠረ። ከነጎድጓድ ደመና ሥር በኃይል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ስለሚበተን፣ ለማረፍ ዝቅ ያለውን አውሮፕላን መጀመሪያ ከፊት ገፍቶ ከፍ ያደርገዋል፤ ወዲያው ከኋላው ሲመጣበት ግን ክንፉን የሚያነሣው ኃይል ይከዳዋል። በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳላስ አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ በዚሁ ዓይነት ንፋስ ተከስክሶ 137 ሰዎች ሞተዋል። የአዘዞው ማረፊያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ አየሩ የሳሳ ስፍራ ስለሆነ፣ ሞተር ከአደጋ ለመውጣት የሚያገኘው ጉልበት ከቆላው ያነሰ ነው።

«ታዲያ ትንሽ ዞሮ ቢጠብቅስ?» አልሁ፤ ቁጣዬ ገና አልበረደም።

«ባሕር ዳር የሚያደርሰውንና ለክፉ ቀን የሚያዘውን ነዳጅ ሳይነካ የሚዞረውን ያህል ዞሯል» አሉኝ።

ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር በረራው መሰረዙ ተነገረን። በመኪና ባሕር ዳር ወርዶ አውሮፕላኑን መያዝ ይሻላል ያሉ ነበሩ፤ እኔም ለጥቂት ደቂቃ አስቤበት ነበር፤ ነገር ግን 180 ኪሎ ሜትር በዶፍ ዝናብና በጨለማ መጓዝ አብራሪው ከሸሸው የተሻለ ሆኖ አልታየኝም። ትኬት ለማስቀየር ተሰለፍሁ። ተራዬ ደርሶ የመስኮቱ ሠራተኛ «ለነገ ጧት ነው ወይስ ለከሰዓት?» ስትለኝ አፌን ሳልከፍት፣ ከኋላዬ የቆሙት አባት «የጧቱን ስጪው» አሏት።