ክረምት የሌለበት ካርታ

የምሠራው መካከለኛው አሜሪካ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ አስተማሪ እመስላቸዋለሁ። አስተማሪም ተመራማሪም አይደለሁም። ተመራማሪዎች በላፕቶፓቸው የማይወጡትን ስሌት የሚያሠሩበትን ትልቅ ኮምፒውተር ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ነኝ። ክፍላችን «ሪሰርች ኮምፒውቲንግ» ይባላል።

ትልቅ ኮምፒውተር ስል አንድ ማሽን ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰርቨሮች መደርደሪያ ላይ ተደርድረው በፈጣን ኔትወርክ ይያያዛሉ፤ ክላስተር እንለዋለን። ክፍሉ ሲገቡበት ከፊት ብርድ፣ ከኋላ ሙቀት ነው፤ የማራገቢያው ጩኸት ያለ ጆሮ መሸፈኛ ብዙ አያስቆምም። እኔ ግን እዚያ የምገባው አልፎ አልፎ ነው። የዘወትር ሥራዬ ቲኬት መመለስ ነው፤ ቲኬት ተጠቃሚዎች የሚልኩልን የእርዳታ ጥያቄ ነው። አንዱ «ሥራዬ ለምን ወረፋ ላይ ቀረ?» ይላል፣ ሌላዋ «ትናንት ይሠራ የነበረው ኮድ ዛሬ እምቢ አለኝ» ትላለች። ወረፋውን የሚያስተናግደው ስለርም የሚባል ሶፍትዌር ነው፤ ማን ስንት ኮር (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል) እና ስንት ሜሞሪ እንደጠየቀ አይቶ ተራ ይሰጣል። ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይጠይቅና ሳያውቀው ራሱን ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ማስረዳት የሥራው ትልቁ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጠዋት የክላስተሩ ስቶሬጅ፣ ማለትም የሁሉም ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ፣ በጣም ተንቀራፈፈ። ከየዲፓርትመንቱ አቤቱታ መጣ፤ ፋይል መዘርዘር እንኳን ደቂቃ ይፈጅ ጀመር። ምንጩን ስንከታተል አንዲት የጂኦግራፊ ዶክትሬት ተማሪ ሆነች። የዝናብ ዳታዋን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ከፋፍላ፣ በአንዴ ከብዙ ኮሮች ታስነብባቸዋለች። ፋይል በተከፈተ ቁጥር የፋይሎቹን አድራሻ የያዘው ሰርቨር መጠየቅ አለበት። አንድ ጸሐፊ ብቻ ያለበት መዝገብ ቤት ሺህ ባለጉዳይ በአንዴ ሲገባበት የሚሆነው ነው የሆነው። የሥራ ባልደረባዬ አካውንቷን ለጊዜው እንዝጋው አለ። እኔ ትምጣና አብረን እንየው አልኩ። መቅጣት ቀላል ነው፤ ግን ልጅቷ ይህን የሚያስተምራት ክፍል የትም አልገባችም።

መጣች፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእያንዳንዱን ዓመት ጥቃቅን ፋይሎች ወደ አንድ አንድ ትልቅ ፋይል ጠቀለልናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅባት የነበረው ስሌት ምሳ ሳንበላ አለቀ። ከዚያ ካርታውን ከፈተችው።

ዳታው ቸርፕስ የሚባለው ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች ከሳተላይትና ከዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች አጣምረው የሠሩት ሲሆን፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሬቱን አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ከፋፍሎ የየቀኑን ዝናብ ይይዛል። እርሷ የምታጠናው ምሥራቅ አፍሪካን ነበር። ዓይኔ ወዲያው ወሎ ላይ ሄደ፤ የተወለድኩት ደሴ ነው። የወሎ ዝናብ ግን እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ይታያል።

«ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ የታለ?» አልኳት።

«ምሥራቅ አፍሪካ ሁለት የዝናብ ወቅት ነው ያለው፤ አንዱ ከማርች እስከ ሜይ፣ ሌላው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር» አለችኝ። ስክሪፕቷም፣ ማለትም ስሌቱን የሚያሠራው የጻፈችው ኮድ፣ የሚደምረው እነዚህን ወራት ብቻ ነበር።

ያለችው ለኬንያ ልክ ነው። ቦረናም በሁለት ወቅት ነው የሚዘንበው። ለወሎ፣ ለጎንደር፣ ለጎጃምና ለሸዋ ግን ዋናው ዝናብ ክረምት ነው፤ በዚያ ካርታ ላይ ደግሞ ክረምት የሚባል ነገር የለም። በተጨማሪ በወሎ ደጋ በበልግ ዘርቶ የሚያጭድ ገበሬ አለ፤ እርሱ በልግ ካጣ ክረምቱ ቢጠግብም የዓመቱ እህል ጎድሎበታል። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ማስታወሻ ያዘች፣ ስክሪፕቱን አስተካከለችና በልግና ክረምትን ለየብቻ አወጣች። የ1984 እ.ኤ.አ. ክረምት ሲመጣ ሰሜኑ ቡናማ፣ ማለትም ደረቅ፣ ሆኖ ወጣ። እናቴ «ሰባ ሰባት» ብላ ጀምራ የምታቋርጠው ወሬ እዚያ ስክሪን ላይ ነበር። ዝም ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ፊውስ ኔት የሚባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አሜሪካኖች በ1985 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የእኛንና የሱዳንን ረሃብ ተከትሎ ነው፤ ቸርፕስም ዛሬ ለዚያው ሥራ ከሚያገለግሉት ዳታዎች አንዱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውስጤ የገባ ነገር አለ። የአገራችን ነገር በእነዚህ ማሽኖች ላይ በየቀኑ ይሰላል። ድንቅነሽ በ2008 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ሲቲ ስካን ስትደረግ ከ35,000 በላይ ምስል ተነሥቶላታል፤ ከዛፍ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም የሚለው የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው። «ዳቢ» የሚባለውን የጤፍ ዝርያ ጂኖም ገጣጥሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት የመሩት የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ሥራቸው ያስደስተኛል፣ አመሰግናቸዋለሁ። ግን «ክረምት የታለ?» የሚል ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ይህን በተለይ የምጽፈው አገር ቤት ኮምፒውተር ተምራችሁ እዚህ ፓርኪንግና መጋዘን ለምትሠሩ ወንድምና እህቶቼ ነው። እኔም ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሄልፕ ዴስክ፣ በኮምፒውተር እርዳታ ክፍል፣ ነው፤ ፓስወርድ እየቀየርኩ ማታ ማታ ሊኑክስ የሚባለውን እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት ተማርኩ። ሌላ ከመማራችሁ በፊት ሊኑክስን ያዙ፤ ከኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዓለም ፈጣን 500 ኮምፒውተሮች በሊኑክስ የማይሠራ የለም። ከዚያ ባሽ (ለሊኑክስ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ)፣ ትንሽ ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ)፣ ከዚያ ስለርም። ስለርም ነጻ ስለሆነ በሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ቤታችሁ ልትለማመዱት ትችላላችሁ። ብዙው ቦታ ፒኤችዲ አይጠይቅም። ደመወዙ ከግል ኩባንያ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው የትምህርት ክፍያ ይቀንሳሉ። የመንግሥትና ለትርፍ ያልቆሙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤች ዋን ቢ ከሚባለው የሥራ ቪዛ ዓመታዊ ኮታም ውጭ ናቸው፤ ዕጣ አይጠበቅም። ስፖንሰር ማድረጉ ግን የእያንዳንዱ ቦታ ውሳኔ ነው፣ ሕጉም ስለሚለዋወጥ ጠበቃ ጠይቁ።

ሥራ ስትፈልጉ «ሊኑክስ ሲስተምስ አድሚኒስትሬተር» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ፤ «ሪሰርች ኮምፒውቲንግ ፋሲሊቴተር» እና «ኤችፒሲ አናሊስት» የሚሉትንም ፈልጉ፤ ኤችፒሲ እንዲህ ባሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚሠራ ስሌት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ከጥቂት ልጆች ጋር ሊኑክስ ከመጀመሪያው ጀምረናል፤ አንዱ ባለፈው ወር ለሄልፕ ዴስክ ኢንተርቪው ተጠርቷል። ወንበር አለ፣ ላፕቶፕ የሌለው እኔ አሮጌ አለኝ።