መብራት ሲሄድ የማይሞት ኮምፒውተር ፍለጋ

ነገሩ የጀመረው በሻገተ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ በደረቀ ቡና ነው። አጎቴ ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የቡና መጋዘን አለው። አምና ክረምት ግድግዳው ሥር የነበሩ ስድስት ጆንያዎች ሽታቸው ተለወጠ። ፈተን ስናያቸው ነጭ ሻጋታ። ቡናው ሲገባ ደረቅ ነበር። ጥፋቱ የመጋዘኑ አየር ነው። ቡና ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ አካባቢ ሲሆን የቡናው እርጥበት 11 ወይም 12 በመቶ ላይ ረግቶ ይቀመጣል። አየሩ ከ70 በላይ ሲሰነብት ግን ሻጋታ ይመጣል። የጅማን ክረምት ደግሞ ለናንተ አልነግርም።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር አውቃለሁ አይደል የምትለው? በል አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። እኔ እዚያው ጅማ አጂፕ ሰፈር ፎቶ ኮፒና ጥገና የምሠራባት ጠባብ ሱቅ ነው ያለችኝ። ግን አጎትን እምቢ ማለት የት አለ።

ዩቲዩብ ከፈትኩ። ሁሉም ራስበሪ ፓይ ይላል። በመዳፍ የምትያዝ ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ፓይ 4 እ.ኤ.አ. በ2019 ስትወጣ መነሻ ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር። እኛ ጋ እስክትደርስ በስንት እጅ እንደምታልፍ ገምቱት። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ጓደኛዬ በኩል ያገለገለች አስመጣሁ። የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ገጠምኩላት፤ በየአሥር ደቂቃው እየመዘገበች በዋይፋይ ትልክልኝ ጀመር። አንድ ሳምንት ሙሉ ጉራዬን ለሰፈሩ ነዛሁ።

ከዚያ መብራት መሄድ ጀመረ። መሄዱ ባልከፋ፤ ሄዶ ይመጣል፣ መጥቶ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን መጋዘን ስገባ ቀዩ መብራቷ በርቷል፣ አረንጓዴው ግን ጥቂት ብልጭ ብልጭ ብሎ ዝም። ሚሞሪ ካርዱ ተበላሽቷል። ፓይ ሁሉን ነገሯን የምታኖረው እዚያች ካርድ ላይ ነው። እየጻፈችበት ሳለ መብራት ድርግም ሲል የካርዱ ፋይል ይመሰቃቀላል። አዲስ ካርድ ገዝቼ እንደገና ጫንኩ። በወሩ ያም ሄደ።

ካርዱን ሪደር ላይ ሰክቼ ከመዝገቡ የተረፈውን ሳይ ደግሞ ሌላ ጉድ። መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ያደረበት ቀን መዝገቡ ላይ የለም። ፓይ 4 የራሷ ሰዓት የላትም። የምትጠይቀው ኢንተርኔትን ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ከጠፋችበት ሰዓት ትቀጥላለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ለካ እኔ ሌሊት የምለውን እሷ ቀትር ስትለው ኖራለች። ባትሪ ያለው የሰዓት ሞጁል በርካሽ ይገኛል፤ ግን ያኔ ማን ነገረኝ?

ችግሬን ለአንድ የኪቶ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ተማሪ አጫወትኩት። ሱቄ ሪፖርት ሊያስጠርዝ የመጣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ልጅ ነው። ሳቀብኝ። «ሁለት ቁጥር ለማንበብ ሙሉ ኮምፒውተር ምን ያደርግልሃል? ለአንድ ሲኒ ቡና ጀበና ሙሉ እንደማፍላት እኮ ነው።» ከቦርሳው እንደ ክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር አወጣ። ኢኤስፒ32 የምትባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ናት። ዋጋዋ ከፓይዋ ሩቡም አይሞላ። እንደ ፓይዋ ሊኑክስ የሚሉት ሲስተም የለ፣ ካርድ የለ፣ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የምትይዘው። መብራት ሲሄድ ትጠፋለች፣ ሲመጣ ከመጀመሪያው ትነሳለች። የሚበላሽ ነገር የላትም።

የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ሰማይና ምድር ነው። ፓይዋ ሥራ ፈታ ተቀምጣ እንኳ 3 ዋት ገደማ ትበላለች። ከድሮ ላፕቶፕ ባትሪ የፈታሁት አንድ ሴል 2600 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፣ ማለትም 9.6 ዋት ሰዓት ገደማ። ፓይዋን ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያቆያታል። ኢኤስፒዋ ግን አንብባ ትተኛለች፣ ነቅታ ታነባለች፣ ደግማ ትተኛለች።

መጀመሪያ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ በፓወር ባንክ አገናኘኋት። ትበራለች፣ ከደቂቃ በኋላ ትጠፋለች። ሁለት ቀን ፕሮግራሙን ስወቅስ ከረምኩ። ጥፋተኛው ፓወር ባንኩ ነው። ብዙዎቹ የሚወጣው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ያቺ የምትተኛ ዕቃ ለሱ የሞላ ስልክ ናት።

ዋይፋዩም አላዋጣም። መጋዘኑ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ሲግናሉ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሲም ካርድ የሚገባበት ሲም800ኤል የሚባል ሞጁል ጨመርኩ። በተራ 2ጂ መልእክት ይልካል። እሱም መጀመሪያ አበደብኝ። ሊልክ ሲል ጠፍቶ ይነሳል። ከኢኤስፒዋ የ3.3 ቮልት እግር ነበር ያገናኘሁት። እሱ ደግሞ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል፣ የሚፈልገውም ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይበዛበታል። ያቺ የላፕቶፕ ሴል ግን ልኩ ሆነች። በወፍራም ሽቦ በቀጥታ አገናኘሁት፣ አበቃ። አሁን ያለ መብራት ሁለት ቀን ተኩል ይቆያል።

ፓይዋን አልጣልኳትም። ሱቄ ውስጥ በዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በሚደግፍ ባትሪ ላይ ሆና የካሜራ ቅጂ ትይዛለች፣ አርፋ ትሠራለች። ጎረቤቴ ለሱቁ ሒሳብ መያዣ እንደሷ ያለ ልግዛ ሲለኝ ግን ከለከልኩት። ለሱ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ይሻለዋል፣ ዊንዶውስና ፕሪንተር ያለ ጣጣ ይቀበላል። ስትገዙ ቻርጀሩን አብራችሁ ተቀበሉ። ብዙውን ጊዜ የላፕቶፕ ዓይነት 19 ወይም 20 ቮልት ገደማ ነው፤ ጫፉ የሚገጥም ሌላ መፈለግ ገንዘብም ጉልበትም ይጨርሳል።

መለኪያውን መጀመሪያ በሩ አጠገብ ሰቅዬው ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይዘላል። አሁን ከርብራቡ በላይ፣ ቡናው በሻገተበት ጥግ፣ በጆንያዎቹ መሐል ነው። ሽቦውን አንድ ጊዜ አይጥ በልታዋለች፤ በላስቲክ ቱቦ አሳለፍኩት።

መልእክቱን በላቲን ፊደል ስልክለት አጎቴ አላነበበውም። አሁን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚደርሰው፣ እርጥበትና ሙቀት። ባለፈው ሐምሌ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወለ።

«71 ብሎኛል። በሩን ላስከፍተው?»

«ውጭ እየዘነበ ነው እንዴ?»

«ያካፋል።»

«እንግዲያው አይከፈት፣ ውጭው ይብሳል። ነገ ቀትር ላይ ፀሐይ ከወጣች ይከፈታል።»

ትንሽ ዝም አለ። «ታዲያ የውጭውንስ ለምን አይነግረኝም?»

ሁለተኛ መለኪያ አዝዣለሁ። ከደጁ በላይ፣ ዝናብ የማይደርስበት ክዳን ሥር ይሰቀላል። መልእክቱም ሦስት ቁጥር ይሆናል።