የዶክትሬት ጥናታችንን ሳናልቅ መነጋገር እንዴት እንደጀመርን

ሐረር ላይ ሆኜ ዶክትሬቴን ስማር አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን የጎረቤታችንን ጥናት አናውቅም። ሰላም እንባባላለን፣ ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለማይደርስ የምርምር በጀት እናወራለን፤ ስለ ጥናታችን ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። የአንዱን ሥራ ሌላው የሚሰማው ዲፌንስ ቀን ነው፣ ያለቀ ጥናቱን በፈታኞች ፊት ሲያቀርብ። ያኔ ደግሞ ዳታው ተሰብስቧል፣ ተተንትኗል፣ ተጽፏል። የፈለገ ጥሩ ሐሳብ ብትሰጠው መጨረሻው ገጽ ላይ "ለወደፊት ጥናት" ተብሎ ይገባል፣ አለቀ።

እኔ የማጠናው በማሽላ ላይ የሚወጣውን አቀንጭራ የሚባል አረም ነው። የሐረርጌ ቆላ ገበሬ ጠላቱን በደንብ ያውቀዋል። አበባው ሮዝ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን ይመጠምጠዋል። አንዷ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ታፈራለች። ፍሬው እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ከባዱ ነገር ደግሞ አረሙ ብቅ ብሎ ሲታይ አብዛኛው ጉዳት ደርሶ ያለቀ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ለአማካሪዬ ነግሬያለሁ፣ ለዲፓርትመንቴ በሴሚናር አቅርቤያለሁ። ከእነሱ ውጭ የሰማ ሰው አልነበረም።

ጥናታችን ሳያልቅ እየተገናኘን እንነጋገርበት የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ያነሳሁት ለሁለት ጓደኞቼ ነው። አንዱ የድሬዳዋን ጎርፍ የሚያጠና መሐንዲስ ነው፣ አንዷ የሕዝብ ጤና ተማሪ ናት። መነሻ ያደረግነው አውስትራሊያ የሚገኘው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ውድድር ነው፤ የዶክትሬት ተማሪ ጥናቱን በ3 ደቂቃ፣ በአንድ ስላይድ ብቻ ያስረዳል። ዛሬ በብዙ አገር ይካሄዳል። እኛ ሦስቱን ደቂቃ ወሰድን፣ ውድድሩን ተውን። ዳኛና ሽልማት ካለ ሰው ያማረውን ነው ይዞ የሚመጣው፣ ያስቸገረውን ቤት ትቶት ይመጣል። እኛ የፈለግነው ያስቸገረውን ነው።

ሰዓት መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አርብ ጁምዓ አለ፣ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእኛ አገር የበርጫ ሰዓት ነው፣ ሰውን ከዚያ አስነስቶ ክፍል ማምጣት ከባድ ነው፣ ማስቀየምም ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ በሻይ እረፍት አደረግነው። ሻይ፣ ቆሎና ዳቦ በየተራ እንገዛለን። ቆሎ የመረጥነው የሚጾመውም የማይጾመውም ስለሚበላው ነው።

ሕጋችን ትንሽ ናት። ተናጋሪው 3 ደቂቃ ያወራል፣ መጨረሻ ላይ የተቸገረበትን አንድ ነገር ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሙሉ የጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቀው ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ ሰው መሆን አለበት። አማካሪዎች እንዲመጡ እንጋብዛለን፣ ግን የሚናገሩት ተማሪዎቹ ከጨረሱ በኋላ ነው። ይህቺን የመጨረሻዋን ለማስከበር ድፍረት ይጠይቃል፣ ባህላችን ታላቅን ማስቀደም ነውና። አንድ ፕሮፌሰር ዘንድ አስቀድሜ ቢሮ ሄጄ "ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው ከተናገሩ ሌላው ዝም ይላል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ እንድንሰማዎት ነው" ብዬ ነገርኳቸው። ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። አስቀድሞ በአክብሮት የተነገረው ሰው አይከፋውም፤ ክፍል ውስጥ በሰው ፊት ማቋረጥ ነው የሚያስቀይመው።

እኔ የተናገርኩ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስት ደቂቃዬን ጨርሼ፣ ያስቸገረኝ ነገር አረሙ ንጹሕ ወደነበረ ማሳ በምን መንገድ እንደሚገባ መለየት ነው አልኩ። አንዲት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ እጇን አነሳች።

"አቦ ቆይ፣ ገበሬው የነቀለውን አቀንጭራ የት ነው የሚጥለው?"

"አንዳንዱ ያቃጥለዋል፣ አንዳንዱ ከማሽላው ቅጠል ጋር ለከብት ይሰጠዋል።"

"ፍሬ ከያዘ በኋላም?"

"አዎ፣ አንዳንዴ።"

"እበቱስ?"

እበቱማ ማሳ ላይ ነው የሚበተነው። የአቀንጭራ ፍሬ በከብት ሆድ አልፎ ሳይሞት ሊወጣ እንደሚችል በጥናት የታወቀ ነው። ሐረርጌ ላይ ግን ነገሩ የበለጠ ይከብዳል፤ ገበሬው ማሽላውን ጥቅጥቅ አድርጎ ይዘራና እያሳሳ የሚነቅለውን ለከብቱ ያበላል፣ ከማሳ የሚጣል ነገር የለም። መጠይቄ ላይ ስለ መኖና ስለ ፍግ አንድ ሙሉ ክፍል ተጨመረ። ጥያቄዎቹንም አብረን ጻፍናቸው። አሁን ከምዕራፎቼ አንዱ የእሷም ስም ያለበት ጽሑፍ ሊወጣው ነው።

በእኔ ብቻ አልሆነም። መሐንዲሱ ጓደኛዬ ድሬዳዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ሲናገር የዝናብ ልኬትና የውኃ ፍሰት ሞዴል ነበር ያሳየን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ድሬዳዋን ሌሊት የመታው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው፣ ውኃው ግን ታች የተኛውን ሰው ይደርስበታል። አንዱ የሶሲዮሎጂ ተማሪ "ማስጠንቀቂያው ሌሊት ሲመጣ ማን ነው ሰውን የሚቀሰቅሰው? በየትኛው ቋንቋ?" ብሎ ጠየቀው። ድሬ ላይ አንድ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይነገራል። ሞዴሉ ስንት ደቂቃ ቀድሞ እንደሚያስጠነቅቅ ማስላት አንድ ነገር ነው፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ መውጣት መቻሏ ሌላ። ጥናቱ ላይ የቀበሌ ሰዎችና የሰፈር ሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ "ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?" የሚለውን ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ መሠረት የለውም አልልም። እኔ ግን ብዙ ሰው ፊት፣ በታወቀ ቀን የተነገረ ሐሳብ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ምስክር አለው ባይ ነኝ፤ ላፕቶፕ ውስጥ የተደበቀ ሐሳብ ምስክር የለውም። ዝም መባል ያለበትም ነገር አለ። ታካሚን የሚያሳውቅ መረጃ፣ የገበሬ ስም፣ ማሳው የሚገኝበት ትክክለኛ ቦታ አይቀርብም፣ ሰው ለጥናት እንጂ ለሻይ ሰዓት ፈቃድ አልሰጠም። ፓተንት ሊወጣለት የታሰበ ነገር ያለው ሰውም አሠራሩን አይዘረዝርም፣ ችግሩን ብቻ ይነግረናል።

ሌላው የተማርኩት፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኖችንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን መጥራት እንደሚገባ ነው። አንዲት ተማሪ ከውጭ የታዘዘ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ እጥረት ወራት እንደዘገየባት ስትናገር፣ ኋላ የተቀመጠ ቴክኒሻን "እሱማ ሌላኛው ሕንፃ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ ጊዜውም አላለፈበትም" አላት። በማግስቱ ሥራዋን ጀመረች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስላይድ ግዴታ አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የምናወራው በአማርኛና በኦሮምኛ ነው። የተነገረውን ባጭሩ ጽፈን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እናስቀምጣለን።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ ያዛል። እሰየው ነው፣ እደግፈዋለሁ። ግን እሱ ያለቀውን ጥናት ነው የሚመለከተው። እኔን የሚያሳስበኝ ያላለቀው ነው። ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ እዚሁ አለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሠሩ ሰው ናቸው፤ አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። እሳቸው የሰብል ማሻሻል ባለሙያ ናቸው። የአቀንጭራን ፍሬ ከአፈር ውስጥ የሚቀሰቅሰውን፣ ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ያጠኑት ግን ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር አብረው ነው። ለአዲስ ተማሪዎች ይህን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ያ ሥራ አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ተዘግቶ የሚሠራ አልነበረም።

አሁን የያዝነው ሥራ ከግቢ መውጣት ነው። ከባቢሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ተነጋግረናል፣ እኔና የእንስሳት ሕክምናዋ ልጅ የመኖውንና የፍጉን ነገር በኦሮምኛ አንድ ገጽ ላይ አዘጋጅተናል። የመኪናው ነገር ገና አልተቋጨም። አቀንጭራው አበባ ላይ እያለ መድረስ አለብን፤ ፍሬ ካፈራ በኋላ ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ ለከብት አትስጡ ብንል ለዘንድሮ ማሳ አይደርስም።